ሙሉ ዳዊት ልትደግም ተስላ በ9ኛው ቀን አቋረጠች፤ አሁን ከየት ትጀምር?

የጓዳ ሻማ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ቤሩት በቤት ሠራተኝነት ያለች የአንዲት እህት ነው፤ ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው። እናቷ አገር ቤት ታመውባታል፣ የወራት ደመወዝ ተይዞባታል፣ እንቅልፍ አጥታለች። በጭንቅ ላይ ሆና «እናቴን ማርልኝ፣ እኔም 40 ቀን በየቀኑ ሙሉ ዳዊት እደግማለሁ» ብላ ተሳለች። 8 ቀን እንደምንም ገፋች፣ በ9ኛው ቆመ። ከዚያ ወዲህ አባታችን ሆይ እንኳ አትልም። «ቃሌን አፍርሼ በምን ፊቴ እቆማለሁ» ነው የምትለው።

ሁኔታዋ ይህን ይመስላል፦ ስልክ አላት፣ መጽሐፍ የላትም። ክፍሏን ከሌላ ሠራተኛ ጋር ስለምትጋራ ድምፅ ማውጣት አትችልም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሥራ ላይ ናት። ግዕዝ አታነብም። የራሷ የምትለው ጊዜ ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ማታ ቢበዛ 15 ደቂቃ ነው።

«በእምነት ትጸልይ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የምፈልገው፦ የትኛው ጸሎት? በስንት ሰዓት? በምን ቅደም ተከተል? የተቋረጠውስ ስእለት ምን ይሁን?


ዳዊት ደጋሚ

እግዚአብሔር ያጽናናት። ከስእለቱ ልነሣ፤ እሱ ደረቷ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ሳለ ስለ ሰዓት ብናወራ ምን ይጠቅማታል።

ስእለትና የዘወትር ጸሎት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስእለቱ ስለጎደለ የዘወትሩ ጸሎት አይሻርም። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5 ላይ ተስሎ ከማጉደል አለመሳል ይሻላል የተባለው ለሚቸኩል አፍ ልጓም ነው፤ ያጎደለ ሰው ደጅ እንዲቀር አልተጻፈም። ስለዚህ ለንስሐ አባቷ ደውላ ትንገራቸው። ሦስት ነገር ብቻ፦ በምን ቃል እንደተሳለች፣ ስንት ቀን እንደፈጸመች፣ በቀን ስንት ደቂቃ እንዳላት። አቅሟን አይተው ይለውጡላታል ወይም ያቃልሉላታል። በራሷ ሥልጣን «ቀርቷል» ብላ አትሰርዘው፤ በራሷ ሥልጣንም እጥፍ አድርጋ አትቀጣ። ሁለተኛው ይብሳል። ያመለጠውን ለማካካስ በ10ኛው ቀን ሁለት ዳዊት የጀመረ ሰው በ11ኛው ቀን አንዱንም አይደግምም።

ስእለቱ ለምን እንደተሰበረ ደግሞ ሒሳቡ ይናገራል። ዳዊት 150 መዝሙር ነው፤ በአሥር አሥሩ ተከፍሎ እያንዳንዱ አሥር «ንጉሥ» ይባላል፤ 15 ንጉሥ ይሆናል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለሳምንት ሲከፋፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። አስተውሉ፦ ለሳምንት የተደለደለውን ነው እሷ በየቀኑ ልትፈጽም የገባችው፤ ያውም 16 ሰዓት ሠርታ፣ ከስልክ ላይ። በየቀኑ ሙሉውን የሚያደርሱ መነኮሳት አሉ፤ ኑሯቸው ግን ለዚያ የተሰናዳ ነው። «አንድ ንጉሥ በቀን» እንኳ ለእሷ ብዙ ነው። ከ111 እስከ 120 ያለው ንጉሥ ውስጥ መዝሙር 118 አለ፤ እሱ ብቻውን 176 ቁጥር ነው። በቀን አንድ ንጉሥ የጀመሩ ብዙዎች የሚወድቁት እዚያ ላይ ነው፣ ምክንያቱን ሳያውቁት።

ለእሷ የምመክረው እንዲህ ነው።

ጠዋት ፊቷን ወደ ምሥራቅ ትመልስ። ቤሩት ላይ ይሄ ቀላል ነው፤ ባሕሩ በምዕራብ፣ ተራራው በምሥራቅ ስለሆነ ባሕሩን በጀርባዋ ታድርግ። (ለመዝሙር 120 ከዚህ የተሻለ አቋቋም ከየት ይገኛል፤ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» ነው የሚለው።) በስመ አብ ብላ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ታማትብ። አባታችን ሆይ፣ እመቤቴ ማርያም ሆይ፣ ጸሎተ ሃይማኖት። ከዚያ አንድ መዝሙር፣ አንድ ብቻ፣ ቀስ ተብሎ። በመጨረሻ «አቤቱ ማረኝ» 12 ጊዜ፤ አውራ ጣትን ትቶ የአራቱን ጣት አንጓ በአውራ ጣት እየነኩ መቁጠር ነው፣ ሦስት በአራት 12 ይሆናል። መቁጠሪያ አያስፈልጋትም። ሁሉም ተደምሮ ከ8 ደቂቃ አያልፍም።

ማታ ያንኑ ትጀምርና ጸሎተ ሃይማኖትን ጠዋት ስላደረሰች ትለፈው፤ በእሱ ቦታ መዝሙር 50ን ትድገም። ቀጥሎ የችግሯን መዝሙር፣ ከዚያ በራሷ ቃል የእናቷን ነገር ትንገር። በራስ ቃል የሚጸለየው ብዙ ሰው የሚበላሽበት ስለሆነ ቅደም ተከተል ይኑረው። አባቶች ጸሎትን አኰቴት፣ ምህላ፣ አስተብቁዖት እያሉ ይከፍሉታል፤ ምስጋና፣ ልመና፣ ስለ ሌላ ሰው መማለድ ማለት ነው። ከልመናው የጀመረ ሰው ጭንቀቱን ይደጋግምና ጸሎቱ ሐሳብ ሆኖ ይቀራል። በዕለቱ ስለሆነላት አንድ የታወቀ ነገር ታመስግን፤ ስለ ራሷ አንድ ነገር ትለምን፤ ከዚያ እናቷን በስም ጠርታ ታማልድ። ከእናቷ በኋላ ደግሞ ከእሷ ጋር የማይገናኝ አንድ የተቸገረ ሰው ትጨምር። ይቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች፤ ጭንቀት ሰውን በራሱ ውስጥ ሲቆልፈው በሩን የምትከፍት ግን እሷ ናት።


ነቅዐ ጥበብ

ወንድማችን በዝርዝር ጽፎታል፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ግን ውዳሴ ማርያምን ለምን ዘለልከው? የየዕለቱ ድርሻ አለው፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ተከፋፍሏል፣ አማርኛውም አለ። ዘወትር ጸሎትና ውዳሴ ማርያም የሌሉበት ዳዊት በእኛ ዘንድ አልተለመደም።


ዳዊት ደጋሚ

አልዘለልኩትም፣ አዘገየሁት። አሁን ምንም የማትጸልይ ሴት ናት። የዛሬውን ለሦስት ሳምንት ሳታቋርጥ ከያዘች የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ትጨምር፤ ያኔም ከንስሐ አባቷ ጋር ተመካክራ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ካሸከምናት በ9ኛው ቀን እዚሁ እንገናኛለን።


ወለተ ኪዳን

ድምፅን በተመለከተ፦ መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 ላይ ሐና የጸለየችው ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅዋ ሳይሰማ ነው፤ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ እስኪያስብ። ድምፅ አለማውጣት ጸሎትን አያጎድልም። ከንፈርን አለማንቀሳቀስ ግን ያጎድላል፣ በተለይ ለደከመው ሰው። በዓይን ብቻ ሲነበብ ዓይን መስመሩን ይጨርሳል፣ ልብ ግን የሚቀጥለው ወር ደመወዝ ላይ ነው። ስለዚህ ምላስና ከንፈር ይንቀሳቀሱ፤ በጆሮ ማዳመጫ የሰው ንባብ መስማትም ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የሰሙት ጸሎት በራስ አፍ ያሉትን አይተካም። ሥራ ላይ ሳለች ትስማው፣ ማታ በራሷ አፍ ትበለው።

ተኝታ አትጀምር። አልጋ ላይ የተጀመረ ጸሎት ብዙውን ጊዜ «ስምህ ይቀደስ» ላይ ያልቃል። መጀመሪያ ትቁም፤ ጉልበቷ ካልቻለ አልጋው ጠርዝ ላይ እግሯን መሬት አስነክታ ትቀመጥ። የታመመና በጣም የደከመ ተኝቶም ይጸልያል፣ ያ ሌላ ነገር ነው።

ስግደት በጋራ ክፍል የሚያሳፍራት ከሆነ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ትንሣ። የንስሐ ስግደት ለምትጨምር ደግሞ ቅዳሜና እሑድ፣ በጌታ በዓላት፣ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት እንደማይሰገድ ትወቅ፤ ቁጥሩን የንስሐ አባቷ ይወስኑ።

ብዙ እህቶች የሚጠይቁትን ሳትጠይቅ ልመልስ፦ በወር አበባ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አይገባም እንጂ የግል ጸሎት አይከለከልም። በየወሩ ለሳምንት ጸሎት አቁሞ እንደገና መጀመር ልማድን ከሚሰብሩት ነገሮች ዋነኛው ነው።

ስልኩንም በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ኢንተርኔቱን ትዝጋው። ከአገር ቤት የሚመጣ መልእክት መዝሙሩ መካከል ላይ ብቅ ካለ አበቃ። የማታዋን መዝሙር በእጇ ወረቀት ላይ ገልብጣ ትራስ ሥር ብታስቀምጥ የበለጠ ይረዳታል፤ መገልበጡ ራሱ ግማሽ ማጥናት ነው።


ሰባቱ ጊዜያት

ከጠዋትና ከማታው መሃል ስላለው 16 ሰዓት ማንም አልተናገረም። ጭንቀት የሚበላት እኮ ያኔ ነው።

መዝሙር 118 ቁጥር 164 «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰገንሁህ» ይላል፤ ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት በዚያ ላይ የቆሙ ናቸው፦ ነግህ (ማለዳ)፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር፣ ተሰዓት (9 ሰዓት)፣ ሠርክ፣ ንዋም (የመኝታ ጊዜ)፣ መንፈቀ ሌሊት። ሠራተኛ ሰው ሰባት ጊዜ ቆሞ ሊያነብ አይችልም። ሰዓቱን ማሰብ ግን ይችላል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ እንደወረደ፣ ቀትር 6 ሰዓት ላይ ጌታ እንደተሰቀለ፣ 9 ሰዓት ላይ ነፍሱን እንደሰጠ፣ ሠርክ 11 ሰዓት ላይ ወደ መቃብር እንደወረደ ማሰብና በዚያው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሦስት ጊዜ በልብ ማለት ነው። ሳህን እያጠቡ ይሆናል፣ ብረት እየተኮሱ ይሆናል።

የስልክ ሰዓትን አትርሱ፤ የእኛ 3 ሰዓት ስልኩ ላይ 9 ነው፣ የእኛ 9 ሰዓት ደግሞ 3 ነው። ውጭ አገር ያለ ሰው ደወል ሲሞላ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ድምፅ የሌለው፣ የሚንቀጠቀጥ ብቻ ደወል ታድርግ።

እንቅልፍ አጥታ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ብትነቃ፣ ያ ሰዓት ራሱ የጸሎት ጊዜ ነው። ጳውሎስና ሲላስ በወኅኒ ቤት እግራቸው በግንድ ተጠርቆ የዘመሩት በመንፈቀ ሌሊት ነው (የሐዋርያት ሥራ 16፥25)። ግን ስልክ አትክፈት፣ መብራት አታብራ፣ ረጅም ጸሎት አትጀምር። በቃሏ የምታውቃትን አንዲት መስመር እየደጋገመች ትተኛ። «አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን፥ ባገኘን በታላቅ መከራም ረዳታችን ነው» የሚለው የመዝሙር 45 መጀመሪያ ለዚህ ይመቻል፤ ሲነበብ በሁለት ትንፋሽ ይከፈላል። መደጋገሙ በከንቱ መናገር እንዳይመስላት፤ ጌታ በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል እንደደገመ ማቴዎስ 26፥44 ላይ ተጽፏል። የተነቀፈው በቃል ብዛት እንሰማለን ብሎ ማሰብ ነው።


መዝሙረኛው

የትኛው መዝሙር ለሚለው፦ ብዙ ሰው «ለችግር 90» ብሎ ይልካታል። መዝሙር 90 የመጠጊያ መዝሙር ነው፣ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» ብሎ ይጀምራል፣ ይጸለይ። ነገር ግን ሰይጣን በማቴዎስ 4 ጌታን ሲፈትን የጠቀሰው ከዚሁ መዝሙር ነው፤ «መላእክቱን ስለ አንተ ያዝልሃል» ብሎ። መዝሙሩን እንደ ዋስትና ወረቀት ይዞ «ምንም አይነካኝም» ማለት እዚያው ፈተና ውስጥ መግባት ነው። ምንም አይነካኝም ብሎ ሲደግም የነበረ ሰው አንድ ነገር የነካው ዕለት መዝሙሩንም ይጥለዋል።

እንደ እሷ ላለ ሰው እኔ የማስቀድመው የሙሾውን መዝሙር ነው። መዝሙር 12ን ውሰዱ፤ አጭር ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይከፍታል። አካሄዱን ተመልከቱ፦ መጀመሪያ ክስ፣ «እስከ መቼ» አራት ጊዜ። ቀጥሎ ልመና፣ እየኝ፣ ስማኝ፣ ዓይኖቼን አብራ። መጨረሻ ላይ በቸርነቱ መታመን። እሷ አሁን አባታችን ሆይ ማለት ያቃታት ያዘነችበትን አምላክ ማመስገን ግብዝነት ስለሚመስላት ሊሆን ይችላል። ይህ መዝሙር ከክሱ እንድትጀምር ይፈቅድላታል። የራሷን «እስከ መቼ» በሦስት ዓረፍተ ነገር ትጻፍ፣ ደመወዙንም በገንዘቡ ልክ ትጥራው። «ችግሬን ታውቃለህ» ብሎ ማለፍ ልብን አያወርድም።

መዝሙር 41ና 42 አብረው ይነበቡ፤ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» የሚለው በሁለቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ ተናግሮ ነፍሱ እሺ ስላላለችው ነው የሚመለስበት። መዝሙር 141 ዳዊት በዋሻ ሳለ የጸለየው ነው፤ ተዘግቶባት ላለች ሴት ይስማማል። መዝሙር 87ን ግን ብቻዋን ሌሊት አትጀምርበት። እንደሌሎቹ ወደ ብርሃን አይዞርም፤ በጨለማ ያልቃል። መጽሐፍ ውስጥ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፣ እንዲህ ሆኖ የሚጸልይ ሰውም ቦታ አለው ማለት ነውና። ከአንድ ሰው ጋር ሆኖ ይነበብ።

ደግሞ እንቅልፍ ማጣቱ፣ አለመብላቱ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚለው ሐሳብ ካለ ጸሎት ብቻ አትጨምሩባት። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ተኛ፣ ደግሞ አስነሥቶ አበላው። ከዚያ በኋላ ነው ኮሬብ የሄደው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ካላት ዛሬውኑ ለቅርብ ሰውና ለሐኪም ይነገር፣ ብቻዋን አትደር።


ነቅዐ ጥበብ

ስለ እናቷም እንጨምር። ጸሎተ ምህላው ላይም ሆነ ቅዳሴ ላይ ስማቸው እንዲታሰብ ከፈለገች በአጥቢያቸው ላለ ካህን የክርስትና ስማቸውን ትላክ፤ በዓለም ስም አይጠሩም። ብዙ ሰው የእናቱን የክርስትና ስም የሚጠይቀው ከታመሙ በኋላ ነው። ምሥጢረ ቀንዲልም (ካህናት ጸልየው ሕመምተኛውን ዘይት የሚቀቡበት ምሥጢር) ለሕሙማን የተሠራ ነው፣ የያዕቆብ መልእክት 5፥14 ላይ የተመሠረተ፤ ለሚሞት ሰው ብቻ ነው ብለው የሚፈሩ ስላሉ ለቤተሰቡ አስረዱ።

ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒት አቁሙ የሚላቸው ሰው ካለ አይስሙት። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን ያከብራል፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው ይላል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።


የጓዳ ሻማ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም በድምፅ ቀድቼ ልኬላታለሁ። ሁለት ነገር መልሳ ጠየቀች። አንደኛ፦ በቴሌግራም «ይህን ጸሎት 7 ቀን ድገሚ፣ ለ7 ሰው ላኪ፣ ካልላክሽ ይብስብሻል» የሚል መጥቶላታል፤ ውስጡ የማታውቃቸው ስሞች ተደርድረዋል። ሁለተኛ፦ ስልኳ ላይ መዝሙር 90ን ብትከፍት «በልዑል መጠጊያ» አይልም። ሌላ ነገር ነው።


ዳዊት ደጋሚ

የመጀመሪያውን ታጥፋው። ትርጉማቸው የማይታወቅ ስሞች የተደረደሩበት፣ «ካልላክሽ» ብሎ የሚያስፈራራ ጽሑፍ የክታብ ዘመድ ነው፣ መስቀል ቢሳልበትም። ለማንም አትላከው፤ ስላላከች የሚመጣባት ነገር የለም። ተጨንቃ ከሆነ ለንስሐ አባቷ ስትደውል ይሄንንም ትጥቀስ።

ሁለተኛው የቁጥር ጉዳይ ነው። የእኛ ዳዊት የሰባ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር ስለሚከተል ዘጠነኛውና አሥረኛው አንድ ሆነው ተቆጥረዋል፤ የስልኳ መጽሐፍ የዕብራይስጡን ነው የያዘው። መለያው ቀላል ነው፦ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን ትፈልግ። 22 ላይ ካገኘችው የእኛ ነው፤ 23 ላይ ካገኘችው ከ10ኛው መዝሙር ጀምሮ እዚህ በጻፍነው ቁጥር ላይ አንድ ትጨምር። ከ113 እስከ 115 እና 146ና 147 ላይ አከፋፈሉ ስለሚለያይ እዚያ አይሠራም፤ እኛ ከጠቀስናቸው ውስጥ ግን አንዱም እዚያ የለም። 148፣ 149ና 150 በሁለቱም እኩል ናቸው።

ስለዚህ ለእሷ 90 ማለት 91 ነው፣ 50 ማለት 51፣ 45 ማለት 46፣ 120 ማለት 121። መዝሙረኛው ያለው 12ኛው በስልኳ 13ኛው ነው። ለዛሬ ማታ እሱን ብቻ ወረቀት ላይ ትገልብጥ።